ጋቢዬን ልያዝ ወይስ ልተወው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ብርድ አገር አደን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ዘንድሮ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን የመጀመሪያዬን ፈቃድ አግኝቼ በጥቅምት ማብቂያ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ፍላት ቶፕስ ተራሮች ልንወጣ ነው። አምስት ሌሊት በድንኳን እናድራለን። ባልደረቦቼ እዚሁ ተወልደው ከአባቶቻቸው ጋር ሲያድኑ ያደጉ ናቸው። የሰጡኝ የዕቃ ዝርዝር ሁለት ገጽ ሞልቷል፤ ሁሉንም ልግዛ ብል የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ይጨርሳል። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድ አዲሴ አይደለም። እናቴ የላከችልኝ ወፍራም ጋቢ፣ ጥሩ ጂንስ ሱሪና ክረምት ክረምት ለሥራ የምለብሰው ትልቅ ጃኬት አለኝ። እነዚህ አይበቁኝም? ጋቢዬንስ ልያዝ ወይስ ልተወው?
የደብረ ብርሃኑ ልጅ፣ ከአውሮራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። የፍላት ቶፕስ አካባቢ በኤልክ መንጋው የታወቀ ነው፤ ቦታውን የመረጡልህ ባልደረቦችህ ሥራቸውን ያውቃሉ።

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ከፍታ አያስደነግጠውም። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እናንተ የምትወጡበት አምባ ደግሞ አብዛኛው 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ብርዱ ግን አይመሳሰልም። ደብረ ብርሃን ላይ የጥቅምት ውርጭ ሌሊቱን ጥሎ ያድርና ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ይጠፋል። ፍላት ቶፕስ ላይ በዚያ ሰሞን በረዶ ከጣለ ለቀናት ላይነሳ ይችላል፤ ሌሊት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ መውረዱም እንግዳ ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ደግሞ ይህ ነው፦ ደብረ ብርሃን ላይ የበረደው ሰው ቤቱ ይገባል፣ እሳት ዳር ይቀመጣል። አንተን የሚበርድህ ከድንኳንህ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቀህ፣ ሊመሽ ሲል ነው።

ስለዚህ ከዝርዝሩ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። የአደን ቀን ሁለት ዓይነት ሰዓት አለው። በጨለማ ተነስተህ ዳገት ስትወጣ ሰውነትህ እንደ ምድጃ ይነዳል፤ በላብ ትጠመቃለህ። ጫፍ ስትደርስ ደግሞ ድንጋይ ተደግፈህ፣ ሸለቆውን በመነጽር እየቃኘህ፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሳትነቃነቅ ትቀመጣለህ። ያ ላብ የሚያጠቃህ ያን ጊዜ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። እርጥብ ልብስ ለብሶ ነፋስ ላይ የተቀመጠ ሰው ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ እያሳየ እንኳ በብርድ ሊሞት ይችላል። ቦርሳህ ውስጥ የምትከተውን እያንዳንዱን ልብስ አንስተህ «ይህ ከረጠበ በኋላ፣ ነፋስ ላይ ስቀመጥ ምን ያደርገኛል?» ብለህ ጠይቅ። ዝርዝሩን የሚያሳጥርልህ ይህ ጥያቄ ነው።

ጂንስህ በዚህ ጥያቄ ወዲያው ይወድቃል። ጥጥ ነው፤ አንዴ ከጠዋቱ ጤዛና ከበረዶው ውሃ ከጠጣ ቀኑን ሙሉ ጭንህ ላይ እንደረጠበ ይውላል። የጥጥ ካናቴራና የጥጥ ካልሲም እንዲሁ። ከቤትህ ስትወጣ ገላህ ላይም ሆነ በቦርሳህ ውስጥ ለቀን የሚለበስ ጥጥ እንዳይኖር አድርግ። በዚህ ነገር ላይ አላመቻምችም።

ጋቢህም ጥጥ ነው። ደረቅ ሲሆን የሚሞቀው በድሩና በማጉ መካከል፣ በእጥፎቹም መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ሲረጥብ ያ ሁሉ ክፍተት ውሃ ይሞላል፤ ትከሻ የሚሰብር ሸክም ይሆናል፤ በዚያ ብርድ ቀኑን ሙሉ ቢሰጣም አይደርቅም። ይሁንና የእናትህን ጋቢ ቤት ተወው አልልህም። ድንኳን ውስጥ ይቀመጥ። ማታ ደረቅ ልብስ ከቀየርክ በኋላ ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ እራትህን ብላ፤ ስትተኛ ከላይ ደርበው። ያ ሙቀት ጠዋት ለመነሳት ወኔ ይሰጥሃል። ከድንኳኑ ደጃፍ ግን አይለፍ።

የአገራችን ደገኛ ይህን ድሮም ያውቃል። ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ከፍ ብለህ መንዝ ስትገባ የምታገኘው በርኖስና ሌሊት የሚደረበው ባና የተሠሩት ከበግ ጠጉር ነው። ጭጋግና ካፊያ የተቀላቀለበትን ብርድ የሚችለው እሱ ነው። የሱፍ ክር ከክብደቱ ሲሶ ገደማ የሚሆን እርጥበት ውስጡ ይዞ እንኳ ገላ ላይ እርጥበቱ ብዙም አይሰማም። ክሩ የተጠማዘዘ ስለሆነም ሲረጥብ ተጣብቆ አይተኛም፤ የያዘውን አየር አይለቅም። እናትህን ሌላ ዕቃ ላኪልኝ ብለህ የምትጠይቃት ከሆነ የመንዝ በርኖስ ለምናት፤ ለሰፈር ከዚያ የተሻለ ልብስ አላውቅም።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። ገላህ ላይ የሚያርፈው ቀጭን የሜሪኖ ሱፍ ወይም የፖሊስተር ሸሚዝና ረጅም የውስጥ ሱሪ ነው። ሁለት ጥንድ ያስፈልግሃል፤ አንዱ የቀን፣ አንዱ የሌሊት። የሌሊቱን በፌስታል ጥቅልል አድርገህ ከመኝታ ከረጢትህ ጋር እሰረው፤ ከደረቅ ካልሲ ጋር። በሁለተኛው ጠዋት የትናንቱ ልብስህ እርጥብና ቀዝቃዛ ሆኖ ሲጠብቅህ የሌሊቱን ለብሰህ ለመውጣት ትፈተናለህ። እሺ አትበል። እርጥቡ አሥር ደቂቃ ስትሄድ በሰውነትህ ሙቀት ይለዝባል። ደረቁን ካረጠብከው ግን ማታ የምትገባበት የለህም።

ከዚያ በላይ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ሹራብ። ይህን አዲስ አትግዛ። አሮጌ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ንጹሕ የሱፍ ሹራብ በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ የወታደር ዕቃ የሚሸጡት ዘንድ ደግሞ ወፍራም የሱፍ ሱሪ አለ። የሱፍ ሱሪ በጣም እወዳለሁ። በረዶ ላይ ስትንበረከክ ቶሎ አይረጥብም፤ ቁጥቋጦ ሲነካውም ድምፅ የለውም። ናይለን ሱሪ በጫካ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ኤልክ ከሩቅ ይሰማዋል።

ገንዘብህን የምታወጣበት የላዩ ልብስ ነው፤ ነፋስና ውሃ የሚከለክል፣ ከብብቱ ሥር ዚፕ ያለው ቀጭን ጃኬትና ተመሳሳይ ሱሪ። ትልቁን የሥራ ጃኬትህን መኪና ውስጥ ተወው። አንድ ወፍራም ልብስ የሚሰጥህ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው፤ ለብሰህ በላብ መጠመቅ ወይም አውልቀህ መንቀጥቀጥ። በእሱ ፋንታ ተጣጥፎ የቦርሳህ ጥግ የሚገባ የተሞላ ጃኬት ፈልግ። የላባው ቀላልና ሞቃት ነው፤ ሲረጥብ ግን ላባው ተጣብቆ ሙቀቱ ይጠፋል። ለጀማሪ ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለውን እመርጣለሁ።

አለባበሱ እንዲህ ነው። ከድንኳን ስትወጣ ትንሽ ይብረድህ። የውስጡንና ቀጭን ሹራብ ብቻ አድርገህ ዳገቱን ጀምር፤ የተሞላው ጃኬት ቦርሳ ውስጥ ነው። ላብ ሲጀምርህ ቁም፤ ኮፍያህን አውልቅ፣ ዚፕህን ክፈት፣ እርምጃህን ቀንስ። ባልደረቦችህ ቢቀድሙህ ይቅደሙህ። ጫፉ ሊደርስ ሲል ይበልጥ አዝግም፤ ላብህ እዚያው ይድረቅ። እንደተቀመጥክ ወፍራሙን ወዲያው ልበስ። እስኪበርድህ መጠበቅ የለብህም፤ ያጣኸውን ሙቀት መመለስ ያለህን ከመጠበቅ እጅግ ይከብዳል። የምትቀመጥበት ደግሞ በረዶ ወይም ድንጋይ ነውና የወፍራም ስፖንጅ ቁራጭ ያዝ። ከሁሉም ዕቃህ በዋጋ የሚያንሰው እሱ ነው፤ ብዙ ሰዓት የሚያስቀምጥህም እሱ ነው።

እግርህ። ቡትስህን አሁኑኑ ገዝተህ በየቀኑ ልበሰው፤ ተራራ ላይ ፕላስቲኩ ያልተነሳ ጫማ የያዘ ሰው በሁለተኛው ቀን እግሩ ተልጦ ድንኳን ይጠብቃል። ግማሽ ቁጥር ሰፋ ይበል። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ለብሰህ ጣቶችህን እንደልብ ማንቀሳቀስ ካልቻልክ ደም አይዘዋወርም፤ ሁለተኛ ካልሲ ብትደርብ ይብስብሃል። ለየቀኑ አንድ ካልሲ ቁጠር፤ ከቡትሱ አፍ እስከ ጉልበት የሚታሰረውን የበረዶ መከላከያም አትርሳ። ማታ የጫማህን ውስጥ ንጣፍ አውጥተህ ከደረትህ ጋር አስተኛው፤ ጠዋት ደርቆ ታገኘዋለህ። ለእጅህ ሁለት ዓይነት ጓንት ያዝ፤ ቀጭኑ ለመተኮስ፣ አውራ ጣት ብቻ የሚለየው ወፍራሙ ለመቀመጥ።

ሕጉ የሚያስገድድህ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ አለ። በኮሎራዶ በጠመንጃ ኤልክ የሚያድን ሰው ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች የሚሸፍን፣ ዝንጉርጉር ያልሆነ ደማቅ ቀለም ከላይ መልበስ አለበት፤ በዚያ ላይ ከየአቅጣጫው የሚታይ ተመሳሳይ ኮፍያ። ሰደርያው ከወፍራሙ ጃኬትህ በላይ እንዲገባ አድርገህ ሰፊ ግዛ፤ ስትቀመጥ ጃኬት ደርበህ ብርቱካናማውን የሸፈንከው እንደሆነ ሕጉንም ደኅንነትህንም አጣህ። ኤልክ ያየኛል ብለህ አትስጋ። ኤልክና አጋዘን ቀይና ብርቱካናማን እንደኛ ለይተው አያዩም፤ የሚያጋልጥህ መነቃነቅህና ሽታህ ነው። ለዚህም ነው ውድ የሆነውን የቅጠል ሥዕል ያለበትን ልብስ ከዝርዝርህ ሰርዝ የምልህ። ያን ገንዘብ ለቡትስ አድርገው።

ሽታ ካነሳሁ አይቀር፦ የአደን ልብስህን ከአሁኑ ከቤት አውጣው። ቁሌት የሚቁላላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ቤት ውስጥ የተሰቀለ ሱፍ ሽታውን ለሳምንታት ይይዛል። ሽቶ በሌለው ሳሙና እጠብና ጋራዥ ወይም በረንዳ ላይ አቆየው። ጠዋት ቀዝቃዛ አየር ወደ ሸለቆ ይወርዳል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይወጣል፤ ሽታህም አብሮት ይሄዳል።

በየቀኑ የምትሸከመውን ቦርሳ ሳትመለስ እንደምታድር አስበህ አሰናዳ። ላይተር፣ ውሃ በማይገባው ዕቃ ክብሪት፣ ቫዝሊን የተለወሰ ጥጥ በትንሽ ፌስታል፤ ያ ጥጥ እርጥብ ጭራሮ እስኪይዝ ድረስ በቂ ደቂቃ ይነዳል። ሁለት የራስ ባትሪ መብራት ያዝ፤ ብርድ ውስጥ ተራው ድንጋይ ቶሎ ስለሚደክም ሊቲየሙን ግዛ። ስልክህን በውስጥ ኪስህ፣ ገላህ አጠገብ አድርግ፤ ካርታውን ከቤት አውርደህ ሂድ፤ የወረቀት ካርታና ኮምፓስም ይኑርህ። ፊሽካ፣ የሚያብረቀርቀው የአደጋ ጊዜ መጠቅለያ፣ ካራ፣ ገመድ። የውሃ ጠርሙስህን አፉን ወደታች ገልብጠህ ያዝ፤ ውሃ ከላይ ስለሚረጋ አፉ አይዘጋብህም። ፈቃድህንና የአዳኝነት ትምህርት ካርድህን በፌስታል አድርግ።

ለመኝታ እስከ 18 ከዜሮ በታች የሚያስተኛ የመኝታ ከረጢት ያስፈልግሃል፤ ውድ ስለሆነ ከሚያከራዩ ሱቆች ተከራየው። ብዙ ሰው የሚረሳው ከሥር የሚነጠፈውን ነው። ከረጢቱ በክብደትህ ሥር ይጨፈለቃል፤ ከመሬቱ የሚለይህ ምንጣፉ ብቻ ነው። ሁለት ደርብ፤ አንዱ ስፖንጅ፣ አንዱ በአየር የሚሞላ። ጠመንጃህን ሞቃት ድንኳን ውስጥ አታግባው፤ ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ያልበዋል፣ መልሰህ ስታወጣው ጤዛው ይረጋል። ጥይቱን አውጥተህ ከውጭ፣ በረዶ በማያገኘው ቦታ ይደር፤ የቅባቱንም ብዛት ጠርገህ አቅልለው።

የመጨረሻውን ነገር ባልደረቦችህን ስታይ አስታውስ። ሰው በብርድ ሲጎዳ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ቁልፉን መቆለፍ ያቅተዋል፤ ሜዳ ላይ ይደናቀፋል፤ «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» ይላል። አትስማው። እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ ከነፋስ ከልሉት፣ ከሥሩ አንጥፉለት፤ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ስጡት። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነውና እርዳታ ጥሩ። አረቄ ወይም ውስኪ በፍጹም አይቅመስ፤ ፊቱን ቢያሞቀውም ደሙን ወደ ቆዳው አውጥቶ የቀረችውን ሙቀት ያስበላዋል።

ጥያቄ፦ ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ባለቤቴና ሁለት ጓደኞቹ በየዓመቱ ለአደን ይወጣሉ። ዘንድሮ ብርዱ እንዳያስቸግራቸው ማንደጃና ከሰል ጭነው ድንኳን ውስጥ ቡና ሊያፈሉ ነው። ስንቃቸውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ባለፈው የላክሁት እንጀራ ደርቆና ተፈርፍሮ ተመለሰ። ምን ብሠራላቸው ይሻላል? ደግሞስ ቢዘገዩ መቼ ነው መጨነቅ ያለብኝ?
የልጆች እናት፣ ከዴንቨር

መልስ፦ እመቤቴ፣ ማንደጃውን ዛሬውኑ ከመኪናው ያውርዱት። የከሰል ጭስ መርዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍሙ ጥሩ ቀልቶ ጭሱ ጠፍቷል ሲባልም መርዙ አለ። ድንኳን ጨርቅ ነው፣ አየር ያስገባል ብለው ይከራከሩዎት ይሆናል። በረዶ ሲጥልበት ወይም የረጠበው ጨርቅ ሲረጋ አየር ማስገባቱን ያቆማል፤ ሰዎቹም ብርድ ሸሽተው ዚፑን እስከ አፉ ዘግተው ነው የሚተኙት። በአገራችን በዝናብ ወራት በር ዘግተው ከሰል ሲሞቁ ያደሩ ሰዎች ስንት ቤት እንዳዘጉ ያውቃሉ። በዚህ ጉዳይ ይጨክኑባቸው። ቡናው ቤት ተቆልቶና ተፈጭቶ ይሂድ፤ ከድንኳን ውጭ በጋዝ ምድጃ ይፍላ። ጋዙ ፕሮፔን ይሁን። ተራው ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች ወደ ጋዝነት ስለማይለወጥ ምድጃው አይነድላቸውም፤ ፕሮፔን እስከ 42 ከዜሮ በታች ይሠራል።

ስለ ስንቅ ግን ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልዎ፤ የእኛ አያቶች ለዘመቻና ለረጅም መንገድ ያዘጋጁት የነበረው ስንቅ ለዚህ ሥራ ወደር የለውም። በሶ ይፍጩላቸው። እሳት አይፈልግም፤ በማርና በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ወይም በቅቤ ተጨብጦ ይበላል። ጭኮ ካወቁበት ደግሞ እሱን ያስቀድሙ፤ ገብሱና ቅቤው በአንድ ላይ ሌሊቱን የሚያሞቅ ጉልበት አለው። ከመኝታ በፊት የተበላ ቅባት ያለው ምግብ እስከ ንጋት ያሞቃል። ቅቤው ብርድ ላይ ስለሚደርቅ በትንንሹ ጠቅልለው በውስጥ ኪሳቸው እንዲይዙት ይንገሯቸው። ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር ለየኪሱ።

እንጀራውን እርጥቡን አይላኩ፤ ድርቆሽ ያድርጉት። ወጡን እዚህ አብስለው፣ በፌስታል በየእራቱ ለይተው ፍሪዘር ውስጥ ያርጉት፤ እዚያ ሟሙቶ ድርቆሹ ይፈተፈትበታል። ተራራ ላይ ምስር ወይም ሥጋ ከጥሬው ይቀቅሉ ማለት ጋዝ ማባከን ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እህሉ ቶሎ አይበስልም። ይህ ሁሉ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር። ድቦቹ ለክረምት እንቅልፍ ገና ሁሉም አልገቡም፤ ዛፍ ላይ ርቆ ይሰቀል ወይም መኪና ውስጥ ይቆለፍ።

መቼ ይጨነቁ ላሉት፦ ከመሄዳቸው በፊት በወረቀት ያስጽፏቸው። መኪናው የት እንደሚቆም፣ ታርጋው፣ ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታ፣ የካውንቲው ስም፣ የድንኳኑ ቀለም፣ የሚመለሱበት ቀንና ሰዓት። ከዚያም ከሰዓቱ አለፍ ያለ አንድ ቁርጥ ሰዓት አብራችሁ ወስኑ፤ ለምሳሌ እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት እንመለሳለን ካሉ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ካልደወሉ ይደውላሉ። ኮሎራዶ ውስጥ የጠፋ ሰው ፍለጋ ኃላፊነቱ የየካውንቲው ሸሪፍ ነው፤ 911 ቢደውሉ ወደዚያው ያገናኙዎታል። አላስፈላጊ ጩኸት እንዳይሆንብኝ ብለው እስኪነጋ አይጠብቁ። በሳተላይት መልእክት የሚልክ ዕቃ ቢኖራቸው መልካም ነው። አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ የወጡትም የስልክ መስመር በሌለበት በሳተላይት የአደጋ ጥሪ ያደርጋሉ፤ አጠቃቀሙን ግን ቤት ውስጥ እንዲለማመዱት ያስገድዷቸው።

ጥያቄ፦ ኤልኩ ቢወድቅልን ሥጋውን እንዴት ነው የምናወጣው? የእኛ ቡድን በቅሎም ሞተርም የለውም። ለዚህ የሚሆን ምን ዕቃ እንያዝ? ሥጋውን ስለ መብላትና ስለ ቡራኬውስ ምን ይላሉ?
ሦስት ወንድማማቾች፣ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ

መልስ፦ ወንዱ ኤልክ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እንደ በግ ተሸክማችሁት አትወርዱም። ቦታው ላይ ገፍፋችሁ፣ አራቱን ብልት ለያይታችሁ፣ በጀርባ ትመላለሳላችሁ። ስለዚህ የብረት አጥንት ያለው ቦርሳ ቢያንስ አንድ ይኑራችሁ፤ ሁለት ስለታም ካራና መሳያ፣ ቀጭን የላስቲክ ጓንት፣ ሥጋው መሬት እንዳይነካ ሸራ፣ ገመድ፣ እንዲሁም አየር የሚያስገቡ የጨርቅ የሥጋ ከረጢቶች። ፌስታል ውስጥ ትኩስ ሥጋ አትክተቱ፤ ሙቀቱ ታፍኖ በብርድ ቀን እንኳ ይበላሻል። በጨርቅ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚያገኘው ቅርንጫፍ ላይ ስቀሉት። ሕጉ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚያሳየው አካል ከሥጋው ሳይለይ እንዲቆይ ያዛል፤ የፈቃድ ምልክቱም ከሥጋው ጋር ይታሰር።

በላብ ርሳችሁ ሸክም ከምትጀምሩ ወፍራሙን ልብስ አስቀድማችሁ አውልቁ። ለመግፈፍ ስትንበረከኩ ብርድ፣ ስትሸከሙ ሙቀት ነው፤ በየመሐሉ ልብስ መለዋወጥ ያሰለቻል፣ ግን አድርጉት። ሥጋውን ስለ መብላትና ስለ ቡራኬው የጻፋችሁልኝን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ የምለው በኅዳር አጋማሽ ከወጣችሁ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ፍሪዘራችሁን ከወዲሁ ባዶ አድርጉ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ሚኒያፖሊስ ነው። እኛ ዘንድ አጋዘን የሚታደነው በኅዳር፣ ዛፍ ላይ በተሰቀለ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ነው። ሁሉንም ነገር ችዬዋለሁ፤ እግሬ ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይደነዝዛል። የሚሞቁትን ትንንሽ ከረጢቶች ጫማዬ ውስጥ ብጨምርም አልረዱኝም።
ከዛፍ ላይ

መልስ፦ ከረጢቶቹ ለመሞቅ አየር ይፈልጋሉ፤ ጠባብ ጫማ ውስጥ ታፍነው ይበርዳሉ። ችግሩ ግን የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። ወደ ዛፉ ስትሄድ እግርህ ያልበዋል፤ ከዚያ ያን እርጥብ ካልሲ ይዘህ ትቀመጣለህ። በቀጭን ካልሲና በቀላል ጫማ ሂድ፤ ዛፉ ሥር ስትደርስ እግርህን ጠርገህ ደረቅ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ቀይር፣ ሰፋ ያለውን የብርድ ቡትስህን አድርግ። ቡትሱን ቦርሳህ ላይ አንጠልጥለህ ውሰደው። የመቀመጫው መርገጫ ብረት ነውና ስፖንጅ ወይም የምንጣፍ ቁራጭ አንጥፍበት፤ ብረቱ ሙቀትህን ከሥር ይጠጣዋል። ማሰሪያውን አላላ፤ በየጊዜው ጣቶችህን ጫማው ውስጥ አጠፍ ዘርጋ አድርግ።

ጣቶችህ ነጭ ሆነው ስሜት ካጡ ውረድ። በበረዶ ወይም በእጅ አትሻቸው፤ መልሰው የሚበርዱ ከሆነም መንገድ ላይ አታሙቃቸው፤ መኪናህ ወይም ቤትህ እስክትደርስ ጠብቅና ለብ ባለ ውሃ አሙቃቸው።

የደኅንነት ቀበቶውን ቤት ውስጥ፣ ወፍራሙን ልብስ ሁሉ ለብሰህ ሞክረው። በካናቴራ የተለካ ቀበቶ በጃኬት ላይ አልገጥም ሲል ነው ብዙ ሰው መሬት ላይ ጥሎት የሚወጣው። ከመጀመሪያው መወጣጫ አንስቶ ተቀምጠህ እስክትወርድ ድረስ የታሰርክ ሁን። ጠመንጃውን ይዘህ አትውጣ፤ ጥይቱን አውጥተህ በገመድ እሰረው፣ መቀመጫህ ላይ ከታሰርክ በኋላ ጎትተህ አውጣው።